«አትጠይቂ» የሚለውን አንቀጽ ለምን አንደግፍም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሒሳብና ቁጥጥር ኮሚቴን በመወከል ከማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ አንቀጽ ነው። ማኅበራችን በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ የአባላት ሴት ልጆች ለመጓጓዣ፣ ለንጽሕና መጠበቂያና ለደብተር የሚሆን ድጋፍ ይሰጣል። ድጋፉን የምትቀበል ተማሪም ውል ትፈርማለች። በዘንድሮው ውል ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቧል፦ «ድጋፍ የምታገኝ ተማሪ በማናቸውም የተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ ስብሰባም ሆነ አቤቱታ ብትሳተፍ ድጋፉ ይቋረጣል።» ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ኮሚቴያችን አስተያየቱን እንዲያቀርብ ታዘናል።

ሐሳቡን ያቀረቡት እናቶች ክፉ አስበው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ፍርሃታቸውም ከየትም የመጣ አይደለም። ጎንደር ይህን ፍርሃት ከመጽሐፍ አልተማረችም። በቀይ ሽብር ዘመን በመላኩ ተፈራ አስተዳደር ሥር ስንት የተማረ ልጅ እንደ ወጣ እንደ ቀረ ታላላቆቻችሁ ታውቃላችሁ። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች አልረሳንም። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የክልላችን ልጆች። ተለቀዋል ተብሎ ተነገረ፤ ወላጆች ግን የልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ቀሩ። እንዲህ ያለውን ያየች እናት ልጇን «አርፈሽ ተማሪ» ብትል ማን ይፈርድባታል?

እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ነን። ሙያችን ገቢንና ወጪን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። የተማሪዎችን ጥያቄም በዚሁ መንገድ እንየው፤ ምን ተገኘ? ምን ተከፈለ? ማንስ ከፈለ?

ከገቢው እንጀምር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። በእኛ በኩል ርስት ስለነበረ ነገሩ በቀጥታ የሚነካው ከምርቱ ሲሶና እኩሌታ የሚያካፍለውን የደቡቡን ጭሰኛ ነበር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጭሰኛ አልነበሩም፤ ሌላው ሰው ስለሚራበው እንጀራ ነበር የጮኹት። በዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሾላ አካባቢ ለማኞችና ድኾች ተሰብስበው የሚታጎሩበት ሥፍራ እንዳለ ሲሰሙ ድኽነት ወንጀል ነው ወይ ብለው እንደገና ወጡ።

ጥያቄው በዕለቱ መልስ አላገኘም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከሰልፉ ዐሥር ዓመት በኋላ። በአዋጁ ውስጥ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አለ። መሬት የፆታ ልዩነት ሳይደረግ ራሱ ለሚያርስ ሁሉ እንደሚሰጥ ተጽፏል። በተግባር ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው የባልየው ስም ነበር። በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ፣ የሚስትም ስም ከባሏ ጋር መግባት ጀመረ፤ ፎቶዋም አብሮ ተለጠፈ። እዚህ ካላችሁት መካከል ያ ደብተር ያላችሁ አላችሁ። ስንፋታም፣ ስንወርስም፣ ስንበደርም የምናወጣው እሱን ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ከሰልፉ እስከ አዋጁ ዐሥር ዓመት፣ ከአዋጁ እስከ ሴቲቱ ስም ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት። ጥያቄ ዘር ነው፤ የዘራው ሁልጊዜ አያጭደውም።

ሁለተኛው ገቢ ስለ ትምህርት ነው። በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባል ዕቅድ ነበር። ለአብዛኛው የድኻ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል የሚል ሐሳብ በውስጡ ይዞ ነበር። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም ወላጆችም አብረው ተነሡ። ዕቅዱ ቆመ። ልብ በሉ፤ በጥቂት ቀናት መልስ ያገኘው ይህ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ተማሪው ብቻውን አልጠየቀም። ልጄ አራተኛ ክፍል ላይ አትቀርም ያለች እናት አብራው ነበረች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። ወጪውን ቀንሶ የሚጽፍ ሒሳብ ሠራተኛ አይታመንም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ፤ ሌሎችም ሞቱ። ማኅበሩም ጋዜጣውም በየጊዜው ሲታገዱ፣ በሰላም መጠየቅ አያዋጣም የሚል ስሜት በወጣቶቹ ዘንድ በረታ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንንና የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ከጓደኞቻቸው ጋር አውሮፕላን ሊጠልፉ ሞክረው አየር ላይ ተገደሉ። ሐኪም ልትሆን የነበረች ልጅ ናት። ጠለፋን አንደግፍም፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው መንገደኛ ምንም አላጠፋም። ነገር ግን የሰላም መጠየቂያ በር ሲዘጋ ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ ከዚህ እንማራለን። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ወጣቱ እርስ በርሱ የተላለቀበትንና ደርግ የፈጀበትን ዘመን፣ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ የግቢያቸው ጥያቄ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፤ የተማሪዎች ማኅበራችን በነፃነት ይሥራ፤ ጋዜጣችን ይታተም፤ ሁለት የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ይነሡ። ጥያቄው በወረቀት ላይ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ውይይት ተጀምሮ ሳያልቅ ግን ነገሩ ወደ ከተማው ወጣ፤ ሚያዝያ 9 እና 10 ቀን በተነሣው ሁከትና ተኩስ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ተማሪ ታሰረ፤ ብዙም ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ፤ ድንበር አቋርጦ የተሰደደም ነበር። አንድ ገጽ ጥያቄ ይህን ያህል ሊያስከፍል አይገባም ነበር።

ስለዚህ የእናቶቻችን ፍርሃት በወጪው ዓምድ በትክክል ተጽፏል። አንሰርዘውም። ነገር ግን ሒሳቡን በደንብ ስናየው ልጆቹን ያስፈጀው መጠየቃቸው ሳይሆን ጥያቄያቸው የሚገባበት ደጅ መዘጋቱ ነው። በሩን ከመክፈት ይልቅ ልጅቱን አፏን ማስያዝ መድኃኒቱ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የተማሪዎችን ታሪክ ስናነሣ የሴት ልጆችን ቦታ ለይተን ማየት አለብን። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ትርዒቱ የባዕድ ባህል ነው፣ ሀገሪቱ በችግር ላይ እያለች ቅንጦት ነው አሉ። ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ መከራከር ይቻላል። የሆነው ግን ሊያዩ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው፣ ተመቱም። ለጭሰኛው የጮኸ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠችውን እኅቱን ምን ለበስሽ ብሎ መታ። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። በሰልፉ ነበሩ፣ በእስሩም ነበሩ፤ ጥያቄዎቹ ሲጻፉ ግን የእነርሱ የብቻ ችግር ከመጨረሻው መሥመር ይገባ ነበር፤ አንዳንዴም አይገባም። «የሴቶች ጉዳይ ከድሉ በኋላ ይታያል» የሚለውን አነጋገር በቤታችንም እናውቀዋለን።

ታዲያ ሴቶች ፊት ሆነው ሲጠይቁ ምን ይሆናል? ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ እናምጣ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2015፣ ደቡብ አፍሪቃ ውስጥ የሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ በመቶ 10.5 ሊጨምር ሲል ተማሪዎች ተነሡ። ከመሪዎቹ መካከል ሁለት ሴት ተማሪዎች፣ ሸሂራ ካላና ኖምፔንዱሎ ምካችዋ፣ ነበሩ። ጥያቄው ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛመተ። በዐሥር ቀን ውስጥ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ለሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ አይኖርም ብሎ አሳወቀ። ለእኛ ለማኅበር ሴቶች የሚጥመው ግን ሌላው ነው። ተማሪዎቹ ግቢያቸውን የሚያጸዱትን ሠራተኞችም ጥያቄ አብረው ያዙ። ሠራተኞቹ የተቀጠሩት በደላላ ድርጅት በኩል ስለነበር ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሠራተኞች በቀጥታ ለመቅጠር ተስማሙ። ተማሪዋ ስትጠይቅ የጽዳት ሠራተኛዋም ተጠቀመች። ከእኛ አባላት ውስጥ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ግቢ ጠርጋ የምትኖር ስንት አለች?

አንዳንዶቻችን «ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው፤ ልጃችንን በነፃ ያስተምርልናል፤ ምን ብለን እንጠይቃለን?» እንላለን። በነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል። ከትምህርቱ ወጪ በመቶ 15፣ እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ስለዚህ ልጃችን እዚያ ግቢ ውስጥ ተመጽዋች አይደለችም፤ ባለ ዕዳ ናት። ባለ ዕዳ ደግሞ ያበደሯት ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ ትችላለች። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ተማሪ ለምግብ በቀን 15 ብር ይመደብ ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆኖ ነበር። 22 ብር ለሦስት ጊዜ ሲካፈል ለአንድ ምግብ 7 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነበር። አራዳ ገበያ ወርዳ ሽንኩርት የምትገዛ እናት ይህ ምን ያበስል እንደነበር ከእኛ በላይ ታውቃለች። ይህን ሒሳብ ማንሣት አመፅ ነው? በእኛ ሙያ የዕለት ሥራ ነው።

የከተማችንም ዩኒቨርሲቲ ከሕዝቡ ችግር የተወለደ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ብዙም አልራቀም ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ቆላ ድባ ወርደው በጤና ጣቢያው ሕዝቡን እያገለገሉ ይማሩ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ደባርቅም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። እነዚህ ቤቶች የእኛ ናቸው። የራስን ቤት በር አንኳኩቶ መግባት ነውር የለውም።

አሁን አንቀጹን እንደ ውል እንመርምረው። «በማናቸውም አቤቱታ» ይላል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት ልጅ እናስብ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምን ያህል ከባድ ማጣሪያ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ግማሹን ያመጡት በመላ ሀገሪቱ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በክልላችን ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ይህን ሁሉ አልፋ የገባችውን ልጅ አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ኃላፊ ውጤት የሚያገኘውን በእጁ ይዞ ቢያስቸግራት ምን ታደርጋለች? ማመልከት አለባት። ብቻዋን ብታመለክት ትፈራለች፤ እንደ እርሷ የተቸገሩ ሌሎች ልጆችን ይዛ ታመለክታለች። ይህ የተማሪዎች አቤቱታ ነው። በቀረበው አንቀጽ መሠረት በዚያው ቀን ማኅበራችን ድጋፏን ያቋርጣል። አስቸጋሪው ሰው ከማን ጋር ሆነ ማለት ነው? ከእኛ ጋር። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በልጆቻችን ላይ የሚደርስ በደል ግን በዝምታ ውስጥ ይነቅዛል፤ ሲወጣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ትምህርቷን ጥላ ስትመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ አንቀጹ ልጆቻችንን ከአደጋ አይጠብቅም። በ2012 ዓ.ም. የታገቱት ልጆች ሰልፍ ላይ አልነበሩም፤ ወደ ቤታቸው እየተጓዙ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በጎንደርና በሌሎች የክልላችን ከተሞች የት ደረሱ ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪና ወላጅ ነው። አንቀጹ ያኔ ቢኖር ኖሮ የጓደኛዋን ስም ጽፋ የወጣችውን ልጅ እንቀጣት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሕጉም ከአንቀጹ ጋር አይሄድም። ተማሪዎች ሐሳባቸውን የመግለጽና በኅብረት የመደራጀት መብት አላቸው። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረትና የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለ። መንግሥት የፈቀደላትን እኛ በ300 ብር መጓጓዣ ልንከለክላት አይገባም።

ስለዚህ ኮሚቴያችን አንቀጹ ውድቅ እንዲሆን፣ በምትኩም ሦስት ነጥቦች ወደ ውሉ እንዲገቡ ያቀርባል።

አንደኛ፦ «ድጋፍ የምታገኝ ተማሪ በሰላማዊ መንገድ በመጠየቋ፣ በመሰብሰቧ ወይም አቤቱታ በማቅረቧ ድጋፉ አይቋረጥባትም። በሰው ላይ ጉዳት ወይም በንብረት ላይ ጥፋት ማድረስ ግን በማኅበሩ ዘንድ የተከለከለ ነው።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የግድ ነው፤ በእንቁላሉም በአውሮፕላኑም የተማርነው ነውና።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዷ ተማሪ ከማኅበሩ ሁለት ተጠሪ እናቶች ይኖሯታል፤ አንዷ ስልክ የምታነሣ፣ ሌላዋ ለመሄድ የምትችል። ልጅቱ አቤቱታ ስትጽፍ ግልባጩን ለማኅበሩ ትሰጣለች፤ ማኅበሩም በፋይል ይይዛል። ብቻዋን የጻፈች ልጅ ደብዳቤዋ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከጀርባዋ ማኅበር ያላት ልጅ ደብዳቤ ግን ቁጥርና ቀን ያገኛል።

ሦስተኛ፦ ለተማሪዎች ከሚመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር 5 ብር ለአስቸኳይ መጓጓዣ ይቀመጥ። ግቢው ሲታመስ ልጅቱ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ገንዘብ በእጃችን ይኑር። ደጋፊዎቻችን ስትሰሙን፣ ይህ አዲስ ልመና አይደለም፤ ካለው ላይ የሚለይ ነው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ራሱን ችሎ ታዩታላችሁ።

ከውሉ ውጭ ደግሞ ማኅበራችን ልጆቻችን ለሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ እንጠይቃለን። በደብዳቤው አራት ነገር ይኑር። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከአዲአርቃይና ከጠለምት ለሚመጡ አዲስ ሴት ተማሪዎች መናኸሪያ ላይ የሚቀበል ሰው እስከ ማታ ይቆይ። የጾታ ትንኮሳ አቤቱታ ያቀረበች ልጅ ቁጥርና ቀን ያለው ደረሰኝ ይሰጣት፤ መልሱም መቼ እንደሚደርሳት በጽሑፍ ይነገራት። የምግብ በጀቱና የተማሪዎች ኅብረቱ ገንዘብ ሒሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ጸጥታ ሲደፈርስ ለወላጅ የሚደውለው ክፍል የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ናቸው። አንዱም ሰልፍ አያስወጣም፤ መልስ ካገኘ።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር። እኛም ተቋም ነን። አባል ሁሉ የማኅበሩን መዝገብ ገልጦ የማየት መብት እንዳለው በደንባችን ተጽፏል። ነገር ግን «እንዴት መዝገብ አሳዩኝ እላለሁ፤ ይታዘቡኛል» የምትሉ አላችሁ። ልጆቻችን መጠየቅን የሚማሩት ከእኛ ነው። እናቷ የአምስት ብር መዋጮዋ የት እንደገባ ስትጠይቅ ያየች ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሳትጮኽ፣ ሳትሰብር፣ ግን ደግሞ ሳታፍር ትጠይቃለች። ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መዝገቡ በጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ይሆናል። ማንበብ ለማትችሉም እናነብላችኋለን።

ድምፅ የምትሰጡት አሁን ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ትሉን የነበራችሁት እናንተው ናችሁና በልጆቻችን ላይ እንዳትለውጡት እንለምናለን። አንቀጹ ይውደቅ የምትሉ እጃችሁን አንሡ፤ ይጨመር የምትሉም ሳትፈሩ አንሡ። ሁሉም በስሙ ይመዘገባል፤ ያልተስማማችውም እናት ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ይገባል።